የአደራው ድስት

ሰርክአዲስ ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ በሁለት እጇ ጨብጣ የሠርጉን ወጥ ታማስላለች። ድስቱ በርሜል ያህላል፤ ማማሰያው ሥሩን እየፋቀ በዞረ ቁጥር ትከሻዋም አብሮት ይዞራል። ጭሱ ወደ ዓይኗ ሲመጣ ፊቷን ትመልሳለች እንጂ እጇን አታሳርፍም። የሠርግ ወጥ ካረረ የሚሸተው ለሠሪዋ ብቻ አይደለም፤ ሰፈር ሁሉ ሲያወራው ይኖራል።

የሚዳረው የሙሉእመቤት ልጅ ኢዩኤል ነው። ድንኳኑ የተተከለው ልጁ ተወልዶ ባደገበት ግቢ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ቤት ከፈረሰ ወዲህ የድሮው ጎረቤት ተበትኗል፤ አንዱ ገላን፣ አንዱ አያት ሰፈር፣ አንዱ ልጁ ዘንድ። ሙሉእመቤት አዳራሽ ተከራዪ ብትባል እምቢ አለች። «የተበተነው ሰው ለአንድ ቀን እንኳ ተመልሶ እዚሁ ይብላልኝ» አለች። ሰውም እሺ ብሎ በየታክሲው መጣ። ከተበተኑ ወዲህ አብረው ሲበሉ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ ሰላምታውም ሳቁም ትንሽ ፍራት ነበረበት። እንደ ድሮው ይሆን? እያለ ያልጠረጠረ አልነበረም።

ሰርክአዲስ የጓዳ ሰው ናት። አራዳ ተወልዳ፣ አራዳ አግብታ፣ እዚያው ጠጉሯ የሸበተ። አምስት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሻይ ስታፈላ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏን ቀብራለች፣ ልጆቿን ድራለች። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ድንኳን ሲተከል ካየች ማንም ሳይጠራት ቢላዋዋን በፌስታል ጠቅልላ ትደርሳለች። ብዙ አትናገርም። ሰው መብላት ሲጀምር በድንኳኑ ቀዳዳ ማየት ትወዳለች፤ የበላተኛው ፊት ሲፈታ የእሷም ይፈታል።

ከትልቁ ድስት ራቅ ብሎ፣ ግንቡ ጥግ፣ ሌላ አነስ ያለ ድስት ተጥዷል። እሱ የአብሮ አደጓ የሽምሲያ ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ስለዚህ በዚህ ሰፈር ድንኳኑ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ድስቱ ሁልጊዜ ሁለት ነው። የሽምሲያ ባል ጋሽ አብዱልሃሚድ ሙክቱን ጠዋት ቢስሚላህ ብለው አርደዋል፤ ሽምሲያ ደግሞ ከማለዳ ጀምራ ስትሠራ ቆይታለች። እንዳይቀላቀል ብላ ለማማሰያዋም ለጭልፋዋም አረንጓዴ ክር አስራለች።

የዙህር ሶላት ሲደርስ ሽምሲያ እጇን ተለቃለቀች።

«ሰርኬ፣ ሰግጄ ልምጣ። ድስቴን አደራ።»

«ሂጂ ባክሽ፣ አላህን አታስጠብቂው።»

«እሱስ ይታገሣል። የናንተው ነው የማይታገሠው፣ ገና ሳይነጋ በማይክራፎን የሚጠራችሁ።»

«የናንተው ደግሞ ሳይነጋ በሹክሹክታ ነው የሚጠራው! ሂጂ አልኩሽ፣ አደራሽን ሰምቻለሁ።»

ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው። የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው።

ሽምሲያ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ከግንቡ ጥግ የማረር ሽታ መጣ። ግንዱ ተንሸራቶ እሳቱ በአንድ ጎን በርትቶ ኖሯል። ሰርክአዲስ «ውይ አደራዬ!» ብላ ሮጠች። ክዳኑን ገለጠች፣ ደጋግማ አማሰለች፣ ግንዱን በእግሯ ገፍታ ረመጡን በተነች። ወጡ ዳነ። ደስ አላት፤ እፎይ አለች። ከዚያ እጇን አየች።

የያዘችው ክር የሌለውን ማማሰያ ነበር።

ከትልቁ ድስት ውስጥ እንደ መዘዘችው፣ ወጡ እየተንጠባጠበበት፣ ይዛው ሮጣለች። አደራውን ልታድን ሮጣ አደራውን አበላሸች።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዙሪያዋን ማየት ነው። ማንም አልነበረም። ክዳኑን መለሰችና ማማሰያውን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣ ትልቁን ድስት በሌላ ማማሰያ ማማሰል ቀጠለች።

ሙሉእመቤት የሠርግ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ብቅ ያለችው ያን ጊዜ ነው።

«ሰርኬ፣ ጨው በቃው ወይ?» አለችና ፊቷን ስታይ ቆመች። «ምን ሆነሻል? አረረ እንዳትዪኝ!»

«አላረረም። የሽምሲያን ድስት በዚህ አማሰልኩት።» ያስደገፈችውን ማማሰያ አንስታ አሳየቻት።

ሙሉእመቤት ማማሰያውን አየች፤ በሩን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ጠየቀሽ?»

«ሙሉ፣ አደራ ብላኝ ነው እኮ የሄደችው።»

«አደራሽን ጠበቅሽ፤ አላረረ! ስሚኝ፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል። ብትነግሪያቸው አንድም ሰው እጁን አይዘረጋም። ከገላን ድረስ የመጣ ሰው ሆዱን ባዶ ሊመለስ ነው? ‹ሙሉእመቤት ልጇን ስትድር እንዲህ ልታበላን ነበር› ሊባል ነው? ያላወቀ ሰው ደግሞ ኃጢአት የለበትም።»

«ለበላውማ የለበትም።»

«ለማን አለበት ታዲያ?»

ሙሉእመቤት ጉንጯን ዳሰሰቻት። «በናትሽ፣ ዛሬን ብቻ። ለኢዩኤል ስትዪ» ብላ ወጣች። ክፉ ሰው አይደለችም ሙሉእመቤት። ሰፈሩን መልሳ ልትሰበስብ ስንት ደክማለች፤ የሰበሰበችው በእጇ ላይ ሊበተን ሲል ማን አይደነግጥም?

ሰርክአዲስ ብትናገር የሚጠፋውን ታውቃለች። የሰፈሩ ሙስሊም ከክርስቲያን ድንኳን ገብቶ የሚበላው ጓዳ ያለውን ሰው አምኖ ነው። «ማን አለ ከውስጥ?» ይላሉ፤ «ሰርኬ አለች» ሲባሉ ይቀመጣሉ። ዛሬ ከተናገረች ይህ ስም የለም። የሽምሲያም ነገር አያስተማምንም፤ ዕድሜ ልክ የኖረ ወዳጅነት በአንድ ማማሰያ ሲሰበር አይታ ባታውቅም፣ ከዚህ ባነሰ ነገር የተሰበረ አይታለች።

እጇንም ቢላዋዋንም አጥባ ሽንኩርት ሳበችና መክተፍ ጀመረች። ሽንኩርት አያስፈልግም ነበር፤ እጇን ሥራ ልታስይዘው ነው።

የገረማት ነገር ሕጉ የእሷ አለመሆኑ ነው። የንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ «በሙስሊም ድስት የክርስቲያን ማማሰያ ከተትኩ» ብትላቸው «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው የሚሏት። በራሷ ጾም ላይ ስንት ጊዜ ሳታስበው ቅቤ የነካው ማንኪያ ልሳለች፤ «ይቅር በለኝ» ብላ አማትባ አልፋዋለች። የራሷ ሕግ ሲነካ ያን ያህል ያልጮኸ ልብ፣ የሌላ ሰው ሕግ ሲነካ ለምን እንዲህ ይጮሃል? ከየት የመጣ ጩኸት ነው?

እናቷ እንቁ ሁሉን ነገር በአንድ ቃል ነበር የምትከለክላት፤ ነውር ነው። መስረቅ ነውር ነው፣ መዋሸት ነውር ነው፣ መንገድ ላይ ቆሞ መብላት ነውር ነው፣ በታላቅ ፊት እግር መዘርጋት ነውር ነው፣ ለሴት ልጅ ማፏጨት ነውር ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ቁንጥጫ። «ለምን?» ስትል መልሱ «ሰው ምን ይላል?» ነበር። ስለዚህ ሰርክአዲስ ደግ መሆን ማለት ሰው ሲያይ መጠንቀቅ እየመሰላት አደገች። ሴት ከሆነች በኋላ ብዙዎቹን ነውሮች ጥላቸዋለች። ዛሬ ድልድዩ አጠገብ ቆማ ሳምቡሳ ትበላለች፤ ሰማይ አልተደፋባትም። ያልወደቁ ግን አሉ። ቁንጥጫው አንድ ሆኖ ሳለ እነዚያ ረግፈው እነዚህ ለምን ቀሩ?

ሰው ነው የምፈራው? ብላ ራሷን ጠየቀች። ሰው አላየም፤ ያወቀችውም ዝም በይ ባይ ናት። እናቴን ነው? እናቷ ከሞተች ቆየች፤ ብትኖርም «የሰው ሠርግ አትበጥብጪ» ነበር የምትላት። እግዚአብሔርን ነው? እሱንስ ትፈራለች። ልቧን ስታዳምጥ ግን የሰማችው ድምፅ የሴት ድምፅ ነው፤ ወይ እሱ በሌላ ሰው አፍ ሲናገራት ነው።

የእማማ ሩቂያ ድምፅ ነበር። የሽምሲያ እናት።

ልጆች ሆነው ነው። እማማ ሩቂያ ወተት አፍልተው ለሽምሲያ ሲቀዱ ሰርክአዲስም ኩባያዋን ዘረጋች። እማማ ሩቂያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው «ዛሬ ረቡዕ ነው የኔ ልጅ፣ ጾምሽ ነው» አሏት።

«እማዬ አታይም።»

«እሷ አታይም። እኔ አያለሁ።»

«እርስዎ ሙስሊም አይደሉ?»

እማማ ሩቂያ ሳቁ። «ጾማችሁን አላውቀውም። እናትሽን ግን አውቃታለሁ።»

ዳቦ በሻይ ሰጧት። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ገና ሳትነቃ እነሰርክአዲስ ደጃፍ ላይ የእሷ ድርሻ ወተት በኩባያ ተከድኖ ተቀምጦ ነበር።

ሰርክአዲስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እናቷ ቆንጥጣ ያስተማረቻት አብዛኛው ረግፎ፣ ያቺ የወተት ነገር አልረገፈችም። ያኔ ማንም አልቆነጠጣትም። ያየችው አንዲት ሴት የማታምንበትን ሕግ፣ ለሌለች ሴት ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስትጠብቅ ነው። ልጅ የሚነገረውን ይረሳል፤ ሰው ሲያደርግ ያየውን ግን ሳያውቀው ይይዛል።

እንግዲህ ልማድ ብቻ ነው በይኛ፣ አለች ለራሷ፤ ሰው ያስገባብሽ ነገር ነው። ይህ ሐሳብ ትንሽ አስፈራት። የእኔ ካልሆነ ልተወው እችላለሁ ማለት ነው? ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣላት። አማርኛውንም እኮ ያስገባችባት እናቷ ናት። ከራሷ ያመጣችው አንድ ቃል የለም። እንዲያም ሆኖ ስታዝን የምታለቅስበት፣ ልጆቿን ያባበለችበት፣ የራሷ ነው። ከሰው የተቀበሉት ነገር ሲኖሩበት የራስ ይሆናል።

ሽምሲያ ሒጃቧን እያስተካከለች ገባች።

«ድስቴ እንዴት ነው?»

«አበላሸሁት።»

«አረረ?»

«ሊያርር ሲል ሮጥኩ፣ በእኛ ማማሰያ አማሰልኩት። እጄን አላየሁም ሽምሴ። የያዝኩትን አላየሁም።»

ሽምሲያ ድስቱን አየች። አረንጓዴ ክር የታሰረበትን፣ ባለበት የተጋደመውን ማማሰያዋን አየች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ሰርክአዲስን አየቻትና አፏን ገጠመችው፤ በእግሯ በርጩማ ስባ አመጣች።

«ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም።»

«ተቀመጪ አልኩሽ! ፊትሽ አመድ መስሏል። ወጡ ሳይበቃን ደግሞ ሬሳ ልታሸክሚን ነው?»

ሰርክአዲስ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

«ባልነግርሽ ኖሮስ?» አለች።

«ባትነግሪኝማ ሳላውቅ እበላዋለሁ። ያላወቀውን አላህ አይጽፍበትም።»

«ሙሉም ይህንኑ ነበር የምትለኝ።»

«ልክ ናት። እኔ ጥርግ አድርጌ በልቼ እተኛ ነበር። የማትተኚው አንቺ ነሽ። ባየሽኝ ቁጥር ወጥ ወጥ እሸትሽ ነበር።»

ሰርክአዲስ እያለቀሰች ሳቀች። የቀረው ፍራት ግን ጋሽ አብዱልሃሚድ ነበሩ። በሰፈሩ ያለ ሙስሊም ሁሉ የሳቸውን እጅ ያያል፤ እሳቸው ካልበሉ ማንም አይበላም። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ያየ ጥቂት ነው። ሽምሲያ ጠርታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ድስቱ አጠገብ ቆመው ጺማቸውን ያዙ።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ።»

«ሌላ ሰው አይቷት ነበር?»

«ማንም አላያትም።»

ወደ ሰርክአዲስ ዞሩ። «ሥጋ ቤቱ ቅርብ ነው» ብለው ብቻ ወጡ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነበር። ወጥ እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለም፤ ጥብስ ግን ይደርሳል። ሽምሲያ መጥበሻ አስመጣች፤ ሰርክአዲስ ሳያስፈልግ የከተፈችው ሽንኩርት አሁን አስፈለገ። ሙሉእመቤት ነገሩን ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና መጣች።

«ነገርሻት? ነገርሻት አይደል! ሙሽሮቹ ሊደርሱ ነው!»

«የት ናቸው?» አለች ሽምሲያ፣ ሥጋውን እያገላበጠች።

«ፎቶ ላይ።»

«ፎቶ ላይ ከሆኑማ በግ አርደን ቆዳውንም እናለፋለን። አርፈሽ ተቀመጪ የሙሽራ እናት!»

ሙሉእመቤት ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ግንቡ ጥግ ያለውን ድስት አየችና እንደገና ተጨነቀች። «ይሄስ? ሙስሊም አይበላው፣ ክርስቲያን አይበላው! አሁን ይሄ ወጥ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?»

ሰሃን ስትደረድር የነበረችው ጴንጤዋ ጎረቤት ማራናታ ቀና አለች። «እኛስ የት ሄደን? ጸልየን እንበላዋለን!»

«ወይ ጉድ! እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ የበሰለ ላይ ነው የምትደርሱት» አለች ሙሉእመቤት፤ ጓዳው በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቋ ሲያልቅ ሰርክአዲስን ከኋላ እቅፍ አደረገቻትና ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ወሬው ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሰርክአዲስ በቀዳዳው ስታይ የጥብሱ ትሪ መሀል ላይ ተቀምጧል፣ በዙሪያው ያለ እጅ ሁሉ ጭን ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ «ሰርክአዲስ ነካችው የተባለው እውነት ነው?» ሲሉ ሰማቻቸው። ትንፋሿን ያዘች።

«ያን ነክታው ነበር፣ ቀርቷል። ይህን ሽምሲያ ናት የሠራችው፤ ሽንኩርቱን ሰርክአዲስ ከትፋለች» አሉ ጋሽ አብዱልሃሚድ።

«ታዲያ እንደገና ቢሳሳቱስ?»

«እጅ ይሳሳታል። ተሳስታ የምትነግረኝ ሰው ጓዳ ካለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ። እኔ የምፈራው ተሳስቼ አላውቅም የሚለውን ወጥ ሠሪ ነው።»

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ሽማግሌው ተከተሏቸው። ከዚያ አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ፤ ትንሽ ቆይቶ ትሪው ላይ እጅ ከእጅ ይጋጭ ጀመር። አንዱ ጨመቅ አድርጎ ሲጎርስ «ወጡን ስላበላሸሽው እናመሰግናለን በሏት!» ብሎ ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰቅሎ የነበረው የሰርክአዲስ ትከሻ ወረደ። ግንቡን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ሙሽሮቹ መጥተው፣ ተበልቶ፣ ዘፈኑ ሲደራ ሁለቱ ሴቶች ሻይ ይዘው ከጓዳው በስተጀርባ ተቀመጡ።

«ልትጮሂብኝ አፍሽን ከፍተሽ ነበር፣ አይቼሻለሁ» አለች ሰርክአዲስ።

«ልጮህ ነበር። ፊትሽን ሳይ ተውኩት።»

«ብትጮሂ ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም የምል ይመስለኛል።»

ሽምሲያ ሻይዋን እፍ እያለች አሰበችበት። «ለሚቀጥለውም ድግስ ድስቴን የምተወው ለአንቺው ነው። ክሩን ግን ማማሰያው ላይ አላስረውም፤ አንቺ እጅ ላይ ነው የማስረው!»

ሳቁ። ሰርክአዲስን ግን ስለ ጩኸቱ ራሷ የተናገረችው ቃል ከሳቁ በኋላም አልለቀቃት። ውስጣችን ሆኖ የሚናገረው ድምፅ በልጅነት አንዴ ተተክሎ የሚቀር አይደለም ማለት ነው። በተናገረ ቁጥር የሚቀበለውን ሰው ፊት ያያል። ከተመታ ይሸማቀቃል፣ ከሰሙት ይበረታል፤ ሽበት ባወጣ ሰው ውስጥም ቢሆን።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማንም ሳያየው ያጠፋውን ሊነግራችሁ ሰው ፊታችሁ ሲቆም፣ ልጃችሁም ይሁን ጎረቤታችሁ፣ የምትቆጡት ቁጣ አይጠፋባችሁም፤ ይደርሳል። መጀመሪያ መቀመጫ ስጡት።